ፈንታው የሳቀ ዕለት

ስንቃችንን ይዘን በማግሥቱ ማለዳ ወደ ተከዜ እንድንወርድ የታዘዝነው ሰቆጣ ላይ ገበያ በቆመበት ቀን ነው። ዘመኑ የንጉሡ ነው። እኛ ነጭ ለባሾች ነን፤ ደመወዝ የለን፣ የደንብ ልብስ የለን፣ ስንጠራ የየራሳችንን ጠመንጃ ይዘን የምንመጣ ገበሬዎች። ሽፍቶች ወንዙን እየተሻገሩ የአበርገሌን ከብት ይነዱ ነበርና፣ ከመሻገሪያው በላይ ያለውን ኮረብታ ያዙ ተባልን። ትእዛዙ ይኸው ነው።

እናንተ ልጆች ጦር ሜዳ ስላችሁ ተኩሱን ነው የምትጠይቁኝ። ተኩሱ አጭር ነው። ሰውን የሚፈጀው መጠበቁ ነው። እኔ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ያቃተኝ ከዚያ ኮረብታ ወዲህ ነውና «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አትበሉኝ። ቆሜ ልንገራችሁ።

ከኒሯቅ ወዲያ ወርደን ኮረብታውን ያዝን። ድንጋይ ከምረን ምሽግ ሠራን። ቀን ድንጋዩ ይፋጃል፣ ሌሊት ትንኙ አያስተኛም። ዛሬ ይመጣሉ ይባላል፤ አይመጡም። ነገ ይባላል፤ አይመጡም። ሰዉ ይቁነጠነጥ ጀመር። ጠመንጃውን ይፈታል፣ ይገጥማል፣ መልሶ ይፈታል። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጣሳ ውሃ ሊገዳደሉ ደረሱ። በሶው አለቀ፣ ስንቅ አልመጣም። አንዱ «ዛሬ ምን ጾም ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ፈንታው ከጥግ ሆኖ «የስንቅ ሹሙ ያወጀው ነው» አለው። የዚያን ቀን እንዲያ ሆኖ መሸ።

ፈንታው የጋዝጊብላ ገበሬ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሁልጊዜ ከለቅሶ ቤት የወጣ የሚመስል ሰው። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሁሉ ስለሞቱ ነው ፈንታው የተባለው። «ሰፈሩ እኔን ባየ ቁጥር ‹አይ፣ ደህና ደህናዎቹን ወሰዳቸው› ይላል» ይለን ነበር። ሲናገር አይስቅም። ቅንድቡ እንኳ ንቅንቅ አይልም።

«ሚስቴ ጥላኝ የሄደች ቀን» ይላል፣ «ቤቱን ጠርጋ፣ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ፈልጣ ነው የሄደችው። ስገባ ሌላ ሚስት የመጣችልኝ መሰለኝ። እስኪመሽ ጠበቅኳት።»

ሁላችንም የምንወዳት ጨዋታ ግን የበሬዋ ነበረች። «አንድ በሬ ነበረኝ። ጎረቤቴም አንድ በሬ አለው። አቀናጅተን እናርሳለን። የኔ በሬ ገደል ገብቶ ሞተ። ጎረቤቴ መጥቶ መሬት ላይ ወድቆ አለቀሰ። ምን ላድርግ? የኔን ትቼ እሱን ሳጽናና ዋልኩ።»

ጎረቤትየው ሞላ ነው። እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማል። «ውሸታም! መሬት ላይ አልወደቅሁም፣ ተንበርክኬ ነው ያለቀስኩት» ይላል። ከዚያ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ እንባው ይወርዳል። ሞላ ለእናቱ ለእማማ ዘነቡ አንድ ልጅ ነው፤ ሌላ የላቸውም።

ይህ ሁሉ ጨዋታ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና ነው። አዛዣችን መቶ አለቃው የሸዋ ሰው ስለሆነ ኽምጣና አይሰማም። እሱ የሚያየው አንድ ኮስታራ ሰው ረጋ ብሎ ሲናገር፣ እኛ ደግሞ ፊታችንን በጋቢ ሸፍነን ትከሻችን ሲንቀጠቀጥ ነው። አንድ ቀን አጠገባችን ቆሞ «ይህ ሰው የሚመክራችሁን ልብ በሉ» ብሎን ሄደ። ኧረ ያን ቀን! ሞላ ጋቢውን ነክሶ ምሽጉ ውስጥ ተንከባለለ።

ከዚያ መጡ። ጎህ ሲቀድ ነው። ዘብ የቆመው ሰው ጠጠር ወረወረ፤ ምልክታችን ነበር። ሽፍቶቹ ወንዙ ውስጥ ናቸው፣ ውሃው ወገባቸው ደርሷል። ተኮስን። ግማሹ ተመለሰ። ለካ ሌሎቹ ቀደም ብለው በሸለቆው ወጥተው ኖሯል። ከግራ ተኮሱብን። ዞርን። አንድ ጥይት የፈንታውን የውሃ ቅል በሳችው። «ጠምቷታል» አለና ምላጩን ሳበ። ድንጋይ ለድንጋይ ተገፋፋን። ረፋዱ ላይ ሸሹ።

ሞላ ሆዱን ተመትቷል። ፈንታው ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ይዞታል። እኔ ጋቢ እየቀደድኩ አስራለሁ፤ ደሙ እንቢ አለኝ። ሞላ ቀና ብሎ ፈንታውን አየው።

«ፈንታው፣ በእናትህ አታስቀኝ። ስስቅ ያመኛል።»

«ምንም አላልኩም» አለ ፈንታው።

ሞላ ሳቀ። ከዚያ ብዙም አልቆየ። ቆላ ሬሳ አያቆይምና እዚያው ከኮረብታው ሥር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። አፈሩን ያለበሰው ፈንታው ነው።

መቶ አለቃው ሰበሰበን። «ለእናትየው መርዶ የሚያደርስ ቁም ነገረኛ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ዞር ዞር ብሎ አየና ዓይኑ ፈንታው ላይ ቆመ። «አንተ ሂድ።»

ፈንታው «ጌታዬ፣ እኔን አያምኑኝም» አለ።

«ይህን ፊት የማያምን ማን አለ?» አለ መቶ አለቃው። እኔ እንድከተለው ታዘዝኩ።

ዳገቱን ስንወጣ ፈንታው ዕረፍት አጣ። ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ቀድሞኝ ይሮጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። እማማ ዘነቡ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሱ ነገር ሲስቁ የኖሩ ሴት ናቸው። አፉን ሳይከፍት ይስቃሉ። «እሳቸው እየሳቁ ‹ልጅዎ ሞተ› እንዴት ይባላል?» አለኝ። «እስቲ አንተ እማማ ዘነቡን ሁን።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩለት። ፊት ለፊቴ ቆመ፣ እጁን አጣመረ። «እማማ፣ ሞላ አርፏል» አለ።

ምን ልበላችሁ፣ ሳቅ አመለጠኝ። ሞላን በእጄ ቀብሬ!

«አየህ?» አለ። ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለበሰ። «አሁንስ?»

«አሁን ባሰ» አልኩት።

«ፊቴን ምን ላድርገው ታዲያ?» አለ። እኔው እነግርልሃለሁ ብዬው መንገዱን ቀጠልን።

እንደ ወጉ ጎረቤት ገብተን አደርን። ሽማግሌዎቹና የእማማ ዘነቡ የንስሐ አባት ተጠሩ። እኔ ነኝ የምነግር ብል ሽማግሌዎቹ እንቢ አሉ። ምክንያት አላቸው። ቀደም ሲል በመንገደኛ ወሬ ለአንድ ሰው ተዝካር አውጥተውለት፣ ሰውየው ድግሱ መሀል በእግሩ ደርሶ ጠላው ቀጥኗል ብሎ ተጣልቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር በባዳ አፍ መርዶ የለም። እኔ የሰቆጣ ሰው ነኝ። «አፈር ያለበሰው ጎረቤቱ ይናገር» አሉ።

ማለዳ፣ ከብት ሳይወጣ፣ ደጃቸው ቆምን። እማማ ዘነቡ በሩን ከፈቱ። ቄሱን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ፊታቸው ሊለወጥ ሲል ዓይናቸው ፈንታው ላይ አረፈ።

«አንተ ቀልማዳ! በማለዳው ምን አመጣህ? ደግሞ የኛን በሬ ገደል ልትሰድልን ነው?»

«እማማ፣ ሞላ አርፏል።»

ሳቁ። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ።

«እማማ፣ በእጄ ነው የቀበርኩት።»

«ኤዲያ! እሱ ነው አንተን የሚቀብርህ» አሉና እኛም እንድንስቅ ዞረው አዩን። አሁን ሳስበው ማወቁንስ አውቀውት ነበር፤ ሳቁን ሙጥኝ ብለው ነው። ማናችንም ቀና አላልንም።

ፈንታው ሦስተኛ ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ሳቅ ነው። እዚያ ደጅ ከቆምነው ውስጥ ያን ሰው ሲስቅ ያየ አንድም አልነበረም፤ እኔ ጥርሱን እንኳ ያኔ ነው ያየሁት። ሳቀ። ሊያቆመው ታገለ፣ አልቆም አለው። እጁን አፉ ውስጥ ከተተ፣ በጣቶቹ መሀል እየወጣ ሳቀ። እማማ ዘነቡ ሳቃቸው ቆመ። ትኩር ብለው አዩት።

«ወይኔ ልጄን!» አሉና ወደቁ።

አገሩ ደረሰ። ተለቀሰ። ቀትር ላይ ድምፃቸው ተዘግቶ ፈንታውን ጠሩት። «ሞላ ምን አለህ?» አሉት።

«‹አታስቀኝ› አለኝ።»

«አንተስ?»

«‹ምንም አላልኩም› አልኩት።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ እማማ።»

ፈንታው ያን ጊዜ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተደፋ። ራሱን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» አሉት። የራሳቸውን ትተው እሱን ሲያጽናኑ ዋሉ።

ከዚያ ኮረብታ ያልተመለሱት አራት ናቸው፦ ሞላ፣ ዝናቡ፣ ኪሮስ፣ ጠጠር የወረወረልን ደሳለ። ከሽፍቶቹ የሞቱትን ወንዙ ስለወሰዳቸው አልቆጠርናቸውም፤ እነሱንም የምትጠብቅ እናት ነበረች። ስለ ጀግንነት ጠይቃችሁኝ ነበር። እኔ የማውቀው ይህን ነው፣ እሱም ይኸው ያቁነጠንጠኛል።

ፈንታው ሌላ በሬ ተውሶ ከሞላ በሬ ጋር አቀናጅቶ የእማማ ዘነቡን መሬት አረሰላቸው፣ እስኪሞቱም አረሰላቸው። ጨዋታውንም አልተወም። የበሬዋን ግን እሳቸው ካልጠየቁት አያወራትም። አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ ጠየቁት። አወራት፤ ፊቱ ንቅንቅ አላለም። «ጎረቤቴ መጥቶ መሬት ላይ ወድቆ አለቀሰ» ሲል እማማ ዘነቡ ፈትላቸውን አቆሙ።

«ውሸታም» አሉት። «ተንበርክኮ ነው።»