ፉርጎ ያልሆነችው ሞተር ሳይክል

አባዬ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ይነዳት የነበረችውን ሞተር ሳይክል ጡረታ ሲወጣ ጓዳ ቆልፎባት ነበር። እኔ ተመርቄ ስመጣ ሰመራም መልካ ወረርም ሥራ አገኘሁ። ሰመራ ሩቅ ነው፣ ቤት ተከራይቼ መኖሬ ነው። አባዬ ደግሞ «እሷን አስነሺና መልካ ወረር ተመላለሺባት፤ ከቤት አትውጪብኝ» አለኝ። ልቤ ሰመራ ቢሆንም እሺ አልኩት።

ሞተሩን ስፈታው ውስጡ በግራሶ ተጠቅጥቋል። አባዬ እንዳይዝግ ብሎ ለባቡር የሚቀቡትን ወፍራም ግራሶ ሞልቶበታል። በአዋሽ ሙቀት ደርቆ ሬንጅ መስሏል። በናፍጣ ሳጥብ፣ በቢላ ስፍቅ ሰነበትኩ፤ ወገቤ ተቆረጠ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ፉርጎ አይደለም!»

«ፉርጎ ቢሆን ይሄኔ ጅቡቲ ደርሶ ነበር» ብሎ ሳቀብኝ።

ፒስተኑ በስንት መከራ ሲወጣ፣ ግራሶው ከሥር እርጥበት አፍኖ ይዞ ኖሮ ሲሊንደሩን ዝገት በልቶታል። የእሷን መለዋወጫ ዕቃ ደግሞ አዲስ አበባም ጠይቄ አጥቻለሁ። ደስ ሊለኝ ይችል ነበር፤ ግን ለመደሰትም አቅም አልነበረኝም።

«አበቃላት አባዬ» አልኩት።

ጣቱን ከትቶ የተበላውን ዳበሰ። ከዛ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «የሰመራ መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?» አለኝ።