አራት ሲቆጠር የሚጠፋው ማሽን

አጎቴ ያን ቀን መንገዱን ተሻግሮ ኮምፒውተር ጠጋኙን ለምን እንዳልጠራው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ሱቁ ከእኛ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሰውየው በርጩማ አውጥቶ ደጃፉ ላይ ጥፍሩን እየቆረጠ ነበር። «ና እስቲ» ቢባል ነገሩ በሁለት ደቂቃ ባለቀ። ኩራት ነው እንዳልል፣ አጎቴ ጨው ሲያልቅበት ጎረቤት ሄዶ ለመጠየቅ የማያፍር ሰው ነው። ቂም ነው እንዳልል፣ ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ሲጨዋወቱ ሳቃቸው እኔ የምተኛበት የኋላ ክፍል ድረስ ይሰማል።

አጎቴ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ ጋሽ ሽቦ ይለዋል። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራው በዚያው በቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ መደርደሪያው ባለቤቶቻቸው በረሷቸው ሬዲዮኖች ተሞልቷል። አንድ የማይለወጥ አሠራር አለው። ማንኛውንም ሽቦ ከመንቀሉ በፊት ባለቀለም ክር ያስርበታል። ክሮቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖራቸዋል። የመመሪያ ወረቀት ግን አንብቦ አያውቅም። «ወረቀት ይጠፋል፤ ክር አይጠፋም» ይላል።

በእንዲህ ያለ ሰው ቤት ልጁ ኮምፒውተሯን የምታበራው በእርሳስ ነበር። የኬዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ማብሪያ ወደ ውስጥ ሰምጦ ከቀረ ዓመት አልፎታል። በቀዳዳው የእርሳስ ጫፍ ሰድዳ ነካ ስታደርገው ማሽኑ ይነሳል። እሷ ለምዳዋለች። እትዬ፣ የአጎቴ ሚስት፣ ግን እርሳሱን ባየች ቁጥር «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ትላለች። እሱም ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ልጅቷ የሕንፃ ንድፍ ተምራ ሥራ ስትፈልግ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በዚያ ሳምንት አንድ የግንባታ ቢሮ አመልካቾችን የስድስት ገጽ የቤት ንድፍ ሠርታችሁ አምጡ ብሎ ነበር። የሚቀጠረው አንድ ሰው ነው፤ ማስረከቢያውም ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አራቱ ገጽ አልቆ ሁለት ቀርቷታል። የምትነድፍበት ፕሮግራም ያለው በዚያች ማሽን ላይ ብቻ ነው። አብራት የተማረች ጓደኛዋን የምትጠይቀው ነገር ነበራትና ስትወጣ፣ አባቷ ከገበያ ያመጣውን ያገለገለ ጥቁር ኬዝ በሩ ሥር አየችው።

«አባዬ፣ ዛሬ እንዳትነካው። ከነገ በኋላ።»

«እሺ» አላት።

እሺ ያለው ከልቡ ይመስለኛል። ግን እሷ ከመታጠፊያው ሳትደርስ እጁ ካቻቢቴው ላይ ነበር። ስትመለስ ደስ ሊላት ነው፤ በቃ፣ ሐሳቡ ይህ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ቀና። ከኬዙ የፊት ገጽ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ወደ ዋናው ሰሌዳ፣ የሚመጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ የማብሪያው፣ የሁለት ትንንሽ መብራቶችና የዳግም ማስነሻው። እያንዳንዳቸው ላይ ክር አሰረ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ነቀላቸው። ማዘርቦርዱን አውጥቶ አዲሱ ኬዝ ውስጥ አሰረው። ከዚያ የአዲሱን ኬዝ ሽቦዎች እንደያዘ ቀና አለ።

«ምን ሆንክ?» አለች እትዬ። የእጅ ስልኳን መብራት የያዘችለት እሷ ነበረች።

«ክሩ።»

«ክሩን የት አሰርከው?»

«ሽቦው ላይ።»

«ሽቦውስ የታለ?»

ወለሉ ላይ ወደተጣለው አሮጌ ኬዝ አየ። ስምንቱ ሽቦዎች ከነክራቸው ተንጠልጥለዋል። የአዲሱ ኬዝ ሽቦዎች ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ናቸው። ሬዲዮ ሲጠግን የነቀለውን ሽቦ መልሶ የሚተክለው እዚያው ሬዲዮ ላይ ነው፤ ሳጥን ለውጦ አያውቅም።

«እንደ ሙሽራ አስጊጠህ ጣልከው» አለችው።

ሽቦዎቹ የሚሰኩት ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ በሁለት ረድፍ በቆሙ ዘጠኝ መርፌዎች ላይ ነው። ከመርፌዎቹ ሥር የተጻፈውን በማጉያ መነጽር እንኳ ማንበብ አልቻለም፤ የቁንጫ እግር ያህላል። በግምት ሰካና አዲሱን ማብሪያ ተጫነው። ምንም የለም። ጣቱን ሲያነሳ ማብሪያው ተመልሶ ብቅ አለ።

«አየሽ? አይቀመጥም! የተበላሸ ነው የሸጡልኝ።»

ልክ አልነበረም። የተሳሳተ መርፌ ላይ ስለሰካው ነው እንጂ ማብሪያው ደህና ነበር። ግን አጎቴ የሚያውቃቸው ማብሪያዎች ሁሉ ቀጭ ብለው እዚያው የሚቀሩ ናቸው። የልጁም ማብሪያ ሰምጦ የቀረ ስለሆነ፣ የኮምፒውተር ማብሪያ ተመልሶ ሲወጣ አይቶ አያውቅም። ቆርጦ ጣለው። ከመሳቢያው የአንድ ትልቅ ሬዲዮ ማብሪያ አወጣ፤ ወደ ላይ ሲገፋ የሚያበራ፣ ወደ ታች ሲመለስ የሚያጠፋ። በየደው። ከዚያ መርፌዎቹን ጥንድ በጥንድ መሞከር ጀመረ።

አራተኛው ጥንድ ላይ ማራገቢያው ተሽከረከረ። ሰማያዊ መብራት በራ።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ። «ጋሽ ሽቦ ማለት...»

ጭጭ አለ። ማሽኑም፣ እሱም።

«አጥፊና አብሪ» አላት። አጠፋችና አበራች። ተነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ጭጭ። የኤሌክትሪክ ኃይሉን በመለኪያው፣ በቴስተር፣ ለካ፤ ደህና ነው። ማራገቢያውን ጠረገ። ሚሞሪውን ነቅሎ በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ መለሰ። «አብሪ።» አራት። ጭጭ። የግድግዳውን ሶኬት ፈታ። «አብሪ።» አራት። ጭጭ። በመጨረሻ እትዬ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች።

«አትቁጠሪብኝ!»

«እኔ ባልቆጥርም እሱ ይቆጥራል።»

ልጅቷ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትገባ ጠረጴዛው የታረደ በሬ ይመስል ነበር። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«አባዬ፣ ከነገ በኋላ አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«እና?»

ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እሷ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። እየሮጠች መንገዱን ተሻገረች። ጠጋኙ ቆልፎ ሄዷል፤ ስልኩም አይነሳም። ተመልሳ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። በኋላ ትታየኝ የነበረችው በበሩ ሥንጥቅ ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሁለት ገጾች በማስመሪያ፣ ወረቀት ላይ ትስላቸዋለች። በእጅ የተሳለ እንደማይቀበሉ እያወቀች።

«ተወው፣ ነገ ጠዋት ሰውየው ሲመጣ...» አለች እትዬ።

«ነገ ጠዋት ለማን ነው?»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። አጎቴ ያን ምሽት የምላጩን ጥቅል በሙሉ ዋጠ። ራቱን አልነካም። የነቀለውን መልሶ ተከለ፣ የተከለውን ነቀለ። ትከሻው እየጠበበ ሄደ። አንድ ጊዜ ካቻቢቴውን ግድግዳው ላይ ወረወረው፤ ከዚያ ራሱ ተንበርክኮ ከመደርደሪያው ሥር ፈልጎ አወጣው። «አብሪ» እና «አጥፊ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ በቃት። እሱ ቴስተሩን እንደያዘ «አብሪ» አላት። ወደ ላይ ገፋችው፤ ማራገቢያው ማጉረምረም ጀመረ።

«እኔ ይሄን ድምፅ አልሰማም ከእንግዲህ! ጠዋት ሥራ አለኝ፣ አንተ ሰው!» አለችና ገና ሁለት ሳይቆጠር ወደ ታች መለሰችው።

ማሽኑ አልጠፋም።

«አጠፋሁት እኮ!» አለች።

ሦስት። አራት። አምስት። ማራገቢያው ይዞራል። አስር። የስክሪኑ ብርሃን ፊታቸው ላይ ወጣ።

አጎቴ ቴስተሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ማብሪያውን አየ፤ እጇን አየ። ደስታ ፊቱ ላይ አላየሁም።

«በር ማንኳኳት ነው» አለ። «አንኳኩተሽ እጅሽን ታነሺያለሽ። ከተነሳ በኋላ እንደተጫንሽው ከቆየሽ ጥፋ ማለት ነው። እኔ...» በጣቱ ወደ ማብሪያው አመለከተ። «ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሲያጠፋው የዋለው የራሴ ማብሪያ ነው። ደህናውን ቆርጬ ጥዬ።»

«እሷን ጥራት» አለችው እትዬ።

«አንቺ ጥሪያት።»

ልጅቷ መጥታ ተቀመጠች። ማውሱን ያዘችና የቀሩትን ሁለት ገጾች ጀመረች። አጎቴ ወንበሩን ከኬዙ አጠገብ አድርጎ፣ ማንም በስህተት እንዳይነካው መዳፉን እንደ ክዳን ማብሪያው ላይ ጋርዶ ተቀመጠ። እስኪነጋ እንደዚያው ነበር። ሁለቱ አንድ ክንድ ያህል ተራርቀው ሌሊቱን አነጉት።

ሁለት ሰዓት ላይ ንድፉን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ጫማዋን እያሰረች ሳለ፣ «ስትመለሺ ደህና ማብሪያ አስገባልሻለሁ» አላት።

«ተወው፣ አባዬ። ከእርሳሱ ይሻላል» አለችና ወጣች። መሳቋ ይሁን መናደዷ አልታወቀኝም፤ እሱም አልታወቀውም።

ትንሽ ቆይቶ ጠጋኙ የሱቁን በር ከፈተ። «ጋሽ ሽቦ! እንዴት አደሩ? ሰላም ነው?» ብሎ ከማዶ እጁን አነሳ።

«ሰላም ነው!» አለ አጎቴ።

ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ስልኩ ጮኸ። «አስረከብኩ። ሳምንት እንደውላለን ብለዋል» አለች። «እሺ» አለ፤ ድምፁ ከትናንቱ እሺ ጋር አንድ ነበር። እትዬ ለሥራ እየወጣች ማሽኑ አሁንም እንደሚያጉረመርም ሰምታ፣ «አታጠፋውም?» አለችው።

«አንቺ አጥፊው። አንቺ ነሽ የምታውቂበት።»

ማብሪያውን ወደ ላይ ገፍታ አራት ቆጠረች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዞር ስትል አጎቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጥሎት፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ነበር። የግድግዳው ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአስር ይላል።