ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች

ባሕር ማዶ፣ ጋርላንድ ከተማ፣ ልጄ ቤት፣ የልጅ ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣችና «አያቴ፣ ቼክ አድርጊልኝ» አለችኝ። ፓራሌሎግራም ነው፤ ጎኖቹ ላይ ኤክስና ዋይ ተጽፎባቸዋል። ጎን ለጎን ያሉትን እኩል አድርጋ ሁለቱን እኩልታዎች ስትፈታ የአንዱ ጎን ርዝመት ከዜሮ በታች ወጥቶባታል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እኔም ሰሌዳ ላይ ይህንኑ ሠርቻለሁ። የሒሳብ አስተማሪያችን፣ ያ ሰው ማዋረድ የሚወድ ሽማግሌ፣ በጠመኔው ሰሌዳውን እየመታ፣

«ጎን ለጎን ስለተቀመጡ እኩል ናቸው ያለሽ ማነው? እኩል የሚሆኑት ፊት ለፊት ያሉት ናቸው!» አለኝ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ለዚያ ሳቅ አንዳቸውንም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

«ጽጌ ናት ያለችኝ» አልኩት።

ጽጌ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጅ ነበረች፤ አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። ወደ ሰሌዳው ስሄድ «ፊት ለፊት ያሉትን ነው» ብላ ሹክ ብላኝ ነበር። የዘበኛ ልጅ እኔን ልታስተምር? ብዬ ናቅኳት። አስተማሪው ደወል እስኪደወል ጠጠር ላይ አንበረከካት። አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም።

ከልጅ ልጄ እጅ እርሳሱን ተቀብዬ ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች እኩል አደረግኩላት። መልሱ ወጣ።

«ዋው! ማነው ያስተማረሽ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«አስተማሪያችን ናቸው» አልኳት።