ተዘቅዝቃ የተሠራችው ሚዳቋ

የሹራብ ቤቱ ሰዎች «ሰመመን» ይሏታል። እጇ ሲሠራ ልቧ ሌላ አገር ስለሚሄድ የወጣላት ስም ነው። ጭጋግ መስኮቱን የሸፈነ ቀንማ ጭራሽ የለችም፤ ከመርፌዎቿ ሥር ሹራቡ ላይ የምትሠራው ቀበሮ ይሮጣል፣ ጉጉቱ ክንፉን ይዘረጋል፣ እሷም አብራቸው ትጠፋለች። የሠራቻቸው አውሬዎች ሁሉ የሰው ደረት ላይ ሆነው በሹራብ ቤቱ በር ወጥተዋል። ለራሷ ግን አንድም ሠርታ አታውቅም። እህቷ «ሰው ስታሞቂ አንቺን ብርድ ይግደልሽ!» ብላ ስትቆጣት፣ «የኔ ቢጤ እንዲህ ያለ ልብስ ምን ይሠራለታል?» ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ሲያምራት ነው የኖረው።

የቤቱ ዲዛይነር ደንበኛ መስታወት ፊት አቁማ ስትመክር፣ ሰመመን ጆሮዋን ጣል ታደርጋለች።

«አውሬ ያለበት ሹራብ ከሥሩ ጭምት ጉርድ ነው የሚፈልገው። አበባ በአበባ የሆነውን ተይው። ሐብሉንም አውልቂው የኔ እመቤት፤ አውሬው ያውራ፣ አንቺ ዝም በይ!»

ሰመመን ይህን እየሰማች በሐሳቧ መስታወቱ ፊት ትቆማለች፤ ሐብል እንኳ የላትም።

አንድ ቀን ሚዳቋ ያለበት ሹራብ ታዘዘ። ዲዛይነሯ «ይህን ከአንገት ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ፤ ትከሻው ያምርበታል» አለቻት። ሰመመን ዘመኗን ሙሉ ከወገብ ወደ ላይ ነው የምትሠራው። እሺ ብላ ከአንገት ጀመረች፤ ሥዕሉን ግን እንደ ልማዷ ከእግር ወደ ራስ ተከተለችው። እጇ ላይ እያለ የሹራቡ አንገት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ስለነበር ሚዳቋዋ ደህና ቆማለች። ጨርሳ ጠረጴዛ ላይ አቅንታ ስትዘረጋው ክው አለች። የሚዳቋዋ እግሮች ወደ ሰማይ ተሰቅለዋል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዲዛይነሯ አልሳቀችም።

«ይህን ማን ይለብሰዋል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንቺ ሳትቸኩዪ አፈሰስሽው! በይ ተርትሪው።»

«ልኩን ልየውና» አለች ሰመመን፤ አጥልቃም ወደ ደረቷ አጎነበሰች።

ለሌላው የተዘቀዘቀችው ሚዳቋ፣ ከላይ ቁልቁል ለምታያት ለሷ ቀጥ ብላ ቆማለች። አንገቷን ቀና አድርጋ እሷን፣ ሰመመንን ታያታለች። እስከዛሬ የሠራቻቸው አውሬዎች ሁሉ መንገደኛ ለማየት የወጡ ነበሩ። ሳቅም እንባም መጣባት።

«ምነው ደረቅሽ? አውልቂው እንጂ!» አለች ዲዛይነሯ።

ዘመኗን «እሺ እመቤቴ» ስትል የኖረችው ሴት ሹራቡን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘችው።

«ለደንበኛዋ ሌላ እሠራላታለሁ» አለች። «ይቺን ግን አልተረትራትም። ይቺ የኔ ናት።»