ለእናቴ ትንፋሽ መቁጠር

እናቴ የጡት ካንሰር ሕክምና የጀመረችው በደርግ ዘመን፣ እኔ አሰላ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ በየሦስት ሳምንቱ መርፌ እንድትወስድ ታዘዘላት። ከአለቃዬ ፈቃድ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት እያወጣሁ አብሬያት እመላለስ ነበር።

መርፌው ሆዷን ይገለብጠዋል። ሁለተኛውን ወስዳ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስታስታውክ መጣች፤ ቤት እንደገባን ከእንግዲህ አልሄድም አለች። ለሦስተኛው በስንት ልመና ወሰድኳት። የሆነውን ለአንዲት ነርስ ስነግራት ወንበር ስባ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። እናቴ የራሷን እጅ ሆዷ ላይ አድርጋ፣ እስከ አራት እየተቆጠረ አየር በአፍንጫዋ እንድትስብ፣ ከዚያ ትኩስ ሾርባ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው በአፏ ቀስ ብላ እንድታስወጣ አሳየቻት። በሽታውን እንደማያድን፣ ማቅለሽለሹን ግን ምናልባት እንደሚያቀልላት ነገረቻት። እናቴን ሰው ፊት ሆዷን መያዝ አሳፈራት፤ ነጠላዋን ደርባበት ሞከረችው።

ወደ አሰላ በአውቶቡስ ስንመለስ፣ የዴራን ከተማ አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ፊቷ ተለወጠ። እንድቆጥርላት ጠየቀችኝ። አንድ፣ ሁለት ማለት ጀመርኩ። ጥቂት ቆይታ እጄን ያዘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"በአማርኛ አትቁጠሪ። አንድ ሁለት ስትዪ የቀበሌ ሰልፍ ላይ ያለሁ ይመስለኛል" አለችኝ።

የሰማ ሰው እንዳለ ዞር ብዬ አየሁ። እናቴ የአርሲዋ ዲክሲስ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር እያልኩ ቀጠልኩ። ወደ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻዋ ቀስ በቀስ ወረደ። ከኋላችን የተቀመጡ አዛውንት ምን ሆና እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው መስኮቱን ከፈቱላት። ቀጥላ ያለችው ከተማ ኢተያ እስክንደርስ ያስታወከችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

የቀሩትን መርፌዎች ሁሉ ወሰደች። ማቅለሽለሹ ጨርሶ አልተዋትም፤ አልሄድም የሚለውን ግን ደግሜ አልሰማኋትም። ነርሷን ለማመስገን ብንፈልግ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች ተባልን። እናቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በጤና ኖረች። ታናሽ እህቴን ዳረች፤ የጓሮዋን ድንች ራሷ ኮተኮተች። በሽታው ሲመለስ ሐኪሞቹ ሌላ መርፌ አላዘዙላትም። በክረምት፣ አሰላ ቤቷ ውስጥ አረፈች።