የሙሳ ጴንጤ ደም

ከሚሴ ላይ «መጋቢ ሙሳ» ብሎ የሚጠራው ሰው ከአርባ አይበልጥም ነበር፤ እነሱም ምእመናኑ፣ ያውም አብዛኞቹ በዝውውር የመጡ መምህራንና ነርሶች ናቸው። ለባጃጅ ነጂውና ለጫት ሻጯ ሰውየው «ሙሳ ጴንጤ» ነው። ስድብ አይደለም፤ ሙሳ የሚባል ሰው በከተማው ስለበዛ መለያ ነው። የወንድሙ ሚስት ፋሪዳ ግን በመልክም አታውቀውም ነበር። ተድራ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ከገባችበት ቀን ጀምሮ የዚያ ሰው ነገር አይነሳም።

ታሪኩን የነገረቻት አማቷ ናት፣ እሷም ልትሞት ስትል። ሙሳ በወጣትነቱ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ዓመት ሳይሞላው ጴንጤ ሆኖ ተመለሰ። አባትየው «ተው» አለው፤ አልተወም። በከብት ጅራፍ ጀርባውን ተለተለው። ታናሹ ሙሀመድኑር፣ የፋሪዳ ባል ማለት ነው፣ በቆመጥ ክንዱን ሰበረው። እናታቸው «አፈር ስሆን!» እያለች መሐል ስትገባ እሷም ቀመሰች። በማግስቱ አባትየው ሽማግሌ ሰብስቦ፣ «ሙሳ ከዛሬ ጀምሮ ከዘሬ ወጥቷል። ለሠርጋችን አይጠራም፣ ለቅሷችን አይቀመጥም። ደሙ ደማችን አይደለም፤ ደማችንም ደሙ አይደለም» አለ። ሽማግሌዎቹም አሚን አሉ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ የአባትን ሆድ ግን የሚያነሳ የለም!

ሙሳን ደርግም በተራው አልማረውም። «መጤ ሃይማኖት» ብለው አስረው ውስጥ እግሩን ገረፉት፤ ከዚያ ወዲህ ሲራመድ ያነክሳል። ሲፈታ ከሚሴ ዳር በቆርቆሮ የተሠራች የጸሎት ቤት አቆመ። ቆርቆሮዋ ላይ ድንጋይ ያልዘነበበት እሑድ ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ የተወረወረው የአንዲት ነርስ ግንባር ፈነከተ፤ ደሟን ጠርጎላት ስብከቱን ጨረሰ። ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም። ድንጋይ ወርዋሪዎቹን እያነከሰ አሳድዶ በኦሮምኛ የሚያወርድባቸውን ስድብ ምእመናኑ ባለመስማታቸው ብቻ ነው በመጋቢነቱ የጸናው። ሚስቱ ሞተችበት፣ ልጅ አልነበረውም፤ ጡረታ ሲወጣ አንዲት ክፍል ቤት ይዞ ቀረ።

ባለፈው ጥቅምት የፋሪዳ አንድያ ልጅ እንድሪስ ሰው ገደለ። በመስኖ ውሃ ተራ ነው ጸቡ። «ተራው የኔ ነው»፣ «የለም የኔ ነው» ሲባባሉ አካፋውን አነሳና የጎረቤታቸውን የጀይላንን ጭንቅላት መታው። ጀይላን ቦዩ ውስጥ በአፉ ተደፋ፤ ውሃው ቀልቶ ወደ እንድሪስ ማሳ ገባ። እንድሪስ በዚያው በባቲ አድርጎ ወደ ቆላው ጠፋ።

እንግዲህ በዚያ አገር ገዳዩ ካልተገኘ ከዘሩ አንድ ወንድ ይፈለጋል። የነሙሀመድኑር ዘር ወንድ በሙሉ ቤቱን ዘጋ። መስጊድ እንኳ የሚወጣ ጠፋ፤ የደረሰውን ማሽላ ወፍ ፈጀው። ደም የሚያደርቁት አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አባገሮቹ፣ እንዲቀመጡ ደግሞ አንድ ሰው ወደ ሟች ቤት ሄዶ «ጥፋቱ የኛ ነው፤ ለእርቅ ተቀመጡልን» ማለት አለበት። ሴት ብትነካ ነውር ነው፤ ግን የሴት ቃል ለዚህ አይበቃም። ወንድ ከሄደ ደግሞ ይገደላል። ማን ይሂድ?

«ያ ወንድምህስ? ከዘር የወጣ ሰው ማን ይነካዋል?» አለች ፋሪዳ።

ሙሀመድኑር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንቢ አላለም። በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍራ ከሚሴ ገባች፤ ቤቱን ጠይቃ አንኳኳች። ነጭ ጢም ያለው አንካሳ ሽማግሌ ከፈተላት፤ ቁርጥ ባሏን።

«የሙሀመድኑር ሚስት ነኝ፣ አያ ሙሳ። ልጄን ሊገድሉብኝ ነው።»

ነገሩን ቆሞ ሰማት። «ታዲያ እኔ ምን አገባኝ? ደማችሁ ደሜ አይደለም ተብዬ የለ?»

«ለዚሁ እኮ ነው የመጣሁት! አንቱን አይነኩዎትም።»

ሳቀ፤ ሳቁ አስደነገጣት። «ወይ ጉድ! ስንት ዘመን ቆይቼ ዘመድ የተባልኩት ዘመድ ስላልሆንኩ ነው በይኛ!»

ፋሪዳ አፈረች። ጉልበቱን ስማ አለቀሰች። «ተነሽ አንቺ፣ ልጅሽ ምን አደረገኝ?» አላትና ኮቱን ደረበ።

ረፋዱ ላይ ከጀይላን ቤት ደረሱ። እሷ ከእሾህ አጥሩ ውጭ ቀረች፤ እሱ ለቀስተኛው የተቀመጠበት ዳስ ድረስ ገባ። «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አለ። የጀይላን ወንድም ሲራጅ ብድግ አለ።

«የማን ሰው ነህ?»

አንድ ሽማግሌ ደንግጦ፣ «የከሚሴው ጴንጤ ነው እኮ፣ ሲራጅ! ከነሱ የወጣ ነው። አንተም ንገረው እንጂ!» አለ። ሙሳ የማንም አይደለሁም ቢል በሰላም ይመለስ ነበር። ግን የባዳ ቃል ደም እንደማያደርቅ እዚያው አገር የተወለደው ሙሳ አያጣውም።

«የእንድሪስ አጎት ነኝ። የአባቱ ታላቅ ወንድም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ተቀመጡልን» አለ።

ፋሪዳ አጥር ላይ ሆና ሰማች። «ያ ረቢ፣ ምን ነካው?» አለች። ሲራጅ ቤት ገብቶ ክላሹን ይዞ ወጣ። የመጀመሪያዋ ጥይት ሆዱን መታችው፤ ሙሳ ሊያርፍ እንደፈለገ ሰው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሁለተኛዋ አንገቱን በጠሰችው። ፋሪዳ እሾሁን በእጇ ገልጣ ገባች፤ ደሙን በሻሿ ብትደፍነው በጣቶቿ መሐል ይወጣል። አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ጉሮሮው አጉረመረመና ቀረ።

ፖሊስ መጥቶ ሲራጅን ወሰደው። መንግሥት ሰው ያስራል እንጂ ደም አያደርቅም። ሙሳን ምእመናኑ ከሚሴ ዳር ቀበሩት፤ ከዘመድ ፋሪዳ ብቻ ነበረች።

በስምንተኛው ቀን አባገሮች ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ከጀይላን ወገን የተወከለው ሽማግሌ ተነሳ። «ሙሳ የነሱ ከሆነ አንድ ለአንድ ነው፣ ደሙ ይድረቅ። የነሱ ካልሆነ ግን የገደልነው ባዳ ነው። ያኔ የጀይላን ደም እንዳለ ነው፤ እንድሪስን እንፈልጋለን።»

ዋናው አባገር ወደ ሙሀመድኑር ዞረ። «ሙሳ የናንተ ነው? ወይስ አይደለም?»

«የኛ ነው!» አለ ሙሀመድኑር፣ ሳይተነፍስ። «ወላሂ የኛ ነው! የእናቴ ልጅ፣ ታላቄ፣ የቤታችን በኩር!» እያለም እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እውነተኛ እንባ ነው፤ ይሄ ነው የሚያናድደው።

ፋሪዳ ከሴቶቹ መሐል ሆና፣ በሕይወቱ የካዱትን ሰው ሲሞት የኛ ሲሉት ሰማች። «ውሸታም!» ብላ ልትጮህ አፏ ድረስ መጣ። ልጇን አሰበችና ዋጠችው። ዱዓ ተደረገ፤ እሷም ከሁሉም እኩል አሚን አለች።

እንድሪስ በሳምንቱ ከቆላ ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። ታቅፋ አገላብጣ ሳመችው። እህል ቀምሶ ሲያበቃ፣

«እማ፣ ያ አጎቴ የሚሉት ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አላት።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች ፋሪዳ። «የማውቀው ግማሽ ቀን ነው። በዚያው ግማሽ ቀን ወስጄ አስገደልኩት።»