የአባባ ሳል

እህቴ የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ የምታጠናው አፈር ነው። ለክፍሌ ልጆች ስነግራቸው ይስቃሉ። አፈር ደግሞ ምኑ ይጠናል ይላሉ። መጥተው ደብረ ብርሃን የተከራየናትን ቤት ቢያዩ ነበር፤ ከአልጋው ራስጌ እስከ ምድጃው ግድግዳው በሙሉ ወረቀት ነው። እኔ አስረኛ ክፍል ስገባ እሷ ጋ መጥቼ ነው የምማረው። አጠቃላይ ፈተናዋ ሲቃረብ፣ ያ ካልታለፈ ትምህርቱ እዚያው ላይ የሚቆምበት ፈተና፣ እኔም አብሬያት ተማሪ ሆንኩ።

አባታችን አንኮበር ቄስ ነበሩ፤ የቆሎ ተማሪም ያስተምሩ ነበር። ትምህርት ሰሚ ይፈልጋል ይሉ ነበር። ተማሪ ፊታቸው ቆሞ በቃሉ ሲወጣ ከሳተ አያርሙትም፤ "እህ" ብለው ሳል ያደርጋሉ። ተማሪው ስህተቱን ራሱ ፈልጎ ከመስመሩ መጀመሪያ ይነሳል። እህቴ ፊደል የቆጠረችው በዚያ ሳል ነው። አሁን ደግሞ ሰሚዋ እኔ ሆንኩ። ወረቀቱን ይዤ አልጋው ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ ጋቢ ተከናንባ ቆማ ትወጣልኛለች። ስትስት ልክ እንደ አባባ ሳል አደርጋለሁ። አንዳንዴ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ሳትስትም አደርገዋለሁ፤ ያኔ ትራስ ይወረወርብኛል።

ስልኳንም ቤት ካልተቃጠለ አታቀብዪኝ ብላ ለእኔ ሰጥታኝ ነበር።

ፈተናው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት አጎታችን ደወለ። ከቤት ወጣ በይ አለኝ። ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ቆሜ ሰማሁት። አባባ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እማዬም ሽማግሌዎቹም ተስማምተውበታል አለኝ። ለእህትሽ እስክትፈተን አይነገራትም፤ ስትጨርስ በማለዳ መጥተን እናረዳታለን፤ እንዳታውቅብሽ አንቺም እዚያው ሁኚ። እኛ ዘንድ መርዶ ጊዜ አለው። ለእርጉዝ አይነገርም፣ መንገድ ላይ ላለ አይነገርም። ማንም ክፉ አላሰበም። እኔም እኮ ልጃቸው ነኝ ልለው ስል ስልኩ ተዘጋ።

ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። የደብረ ብርሃን የጠዋት ውሃ መቼም ፊት ያቀላል፤ ምንም አልጠረጠረችም።

"ማነው?"

"አጎቴ ነው። ደህና ናችሁ ወይ ሊል ነው።"

"አባባስ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው" አልኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቆማ ስለ ተዳፋት አፈር በእንግሊዝኛ ትወጣ ነበር። ከላይ ያለው ስስ ነው፤ ዝናብ እያጠበ ታች ያከማቸዋል፤ የአንኮበር አፈር ታጥቦ ቆላው ላይ ወዳለው አሊዩ አምባ እንደሚወርደው። ወረቀቱን ይዣለሁ እንጂ ፊደሉ አይታየኝም። ይሄኔ ያንን አፈር አባባ ላይ እየመለሱባቸው ነው እያልኩ ነበር በልቤ። ጨርሳ አየችኝ።

"ምነው ዛሬ ሳሉ ጠፋ? ሁለት ቦታ ስቻለሁ እኮ።"

"አልሰማሁሽም እታበባ።"

"እንቅልፋም" አለችና እንደገና ጀመረችው።

የጽሑፉንም የቃሉንም ፈተና አለፈች። ፈታኞቹ ፊት ቆማ ስትመልስ አንደኛው ጉንፋን ይዞት ኖሮ ሲስል፣ ሳታስበው ከመስመሩ መጀመሪያ እንደተነሳች እየሳቀች ነገረችኝ። ይህንን መጀመሪያ ለአባባ ነው የምነግራቸው ብላ ስልኳን ጠየቀችኝ። ባትሪው አልቋል አልኳት። መብራት ጠፍቶ ነበርና አመነችኝ። እንዲያውም ነገ አንኮበር ሄጄ በአካል እነግራቸዋለሁ አለች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። አጎታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ማንም ሳይናገር እነሱን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። አይኗ የቆየው እኔ ላይ ነው።

አንኮበር ደርሰን፣ ለቅሶኛው ጋብ ሲል ለእማዬ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለቻት።

"ፈተናው ሌላ ቀን ነበረው። አባባ ግን የሚቀበሩት አንዴ ነው።"

እማዬ መቀነቷን አጠበቀች። እህቴ እኔንማ አላናገረችኝም። ቀናት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋትና ፈራ ተባ እያልኩ ቀረብኩ።

"ሲቀበሩ ምን እያልኩ ነበር?" አለችኝ።

"ስለ ተዳፋቱ።"

"እስኪ በይው።"

ፊቷ ቆምኩና ከእሷ አፍ የለቀምኩትን እንግሊዝኛ በቃሌ መውጣት ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሳትኩ መሰለኝ። አንገቷን እንደደፋች ሳል አደረገች።

ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሳሁ።